የጉምሩኩ ሹምና የእህቴ ቋንጣ

ፎቶውን የገዛሁት ለፍሬሙ ብዬ ነው። ቶራንስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሞተው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ደጅ ደርድረው ሲሸጡ ደረስኩ። ከዚህ አገር ገበያ ሁሉ እንዲህ ዓይነቱን እወዳለሁ። ሻጩ ዕቃውን አይወደውም፣ ገዢው ዕቃውን አያውቀውም፣ መሀል ላይ ዓይን ያለው ሰው ይጠቀማል። ፍሬሙ ከባድ የጥንት እንጨት ነው። የንግድ ፈቃዴን አስገባበታለሁ ብዬ ነበር። ፈቃዱ በፕላስቲክ ተለብጦ ግድግዳ ላይ ሲታይ ትናንት የተከፈተ ሱቅ ያስመስልብኛል፤ እኔ ደግሞ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ አርጅቻለሁ።

ሱቅ ወስጄ ልፈታው ስል ሚስማሩ ዝጎ ወረቀቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። ሰውየውን ልገነጥል ብል ፍሬሙም አብሮ ሊሄድ ሆነ። ተውኩትና ከነሰውየው ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ ሰቀልኩት። ጉንጩ ላይ ጥጥ የለጠፈ የሚመስል ሪዛም፣ ሆዱ ላይ የሰዓት ሰንሰለት የዘረጋ፣ ዕቃህን ገና ሳታወርድ ዋጋውን የገመተ ዓይን ያለው ፈረንጅ ነው።

ደንበኛ ሁሉ አስተያየት ነበረው። አንድ ባለታክሲ፣ "የሕንፃው ባለቤት ነው? ኪራይ እንዳትረሳ ነው የሰቀልከው?" አለኝ። አንዲት እናት ደግሞ ቆመው ብዙ ካዩት በኋላ፣ "ይሄ ሰው ተቀይሞሃል" ብለውኝ ሽሯቸውን ይዘው ሄዱ።

ማንነቱን ያወጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ይመጡና ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። አንድ ቀን ተነስተው ከፍሬሙ ግርጌ ያለችውን የጠቆረች ናስ በመሐረባቸው ወለወሏት። ስም ወጣ፤ ከስሙ በታች ሹመት ወጣ።

"የወደብ ጉምሩክ ሹም ነበር፤ ኋላም ሴናተር" አሉኝ።

"በሉ አውርጄዋለሁ።"

"ለምን?"

"ጋሼ፣ አይጥ ቤቷ ውስጥ የድመት ፎቶ ትሰቅላለች?"

"ሞቷል እኮ።"

"ሹም ይሻራል እንጂ መች ይሞታል።"

ጋሼ ሥራ የፈታ መሐንዲስ ናቸው። ሥራ የፈታ መሐንዲስ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ቤተ መጻሕፍት ተመላልሰው፣ የድሮ ጋዜጣ በኮምፒውተር አገላብጠው፣ የሰውየውን ሕይወት እየቆራረሱ ያመጡልኝ ጀመር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዘመዶቹ ፎቶውን ሸጡልኝ እንጂ ስሙን አልሸጡልኝም።

አባቱ በርሜል ሠሪ ነበር። በምዕራብ በኩል ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰው ሁሉ ሲተም እሱም አብሮ ተመመ። ወርቅ ግን አልቆፈረም። ለቆፋሪዎቹ አካፋና ባቄላ ሸጠ።

"እዚህ ላይ ወደድኩት" አልኳቸው።

"ቆይ፣ ገና ነው።"

ከዚያ ወደብ ዳር ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ ፊት ለፊት በርሜል ላይ እየወጣ ለአንዱ ፓርቲ ይናገር ጀመር። ድምፁ የመርከብ ጡሩምባ ነው ይባልለት ነበር። ፓርቲው አሸነፈና ከዋናው ከተማ ሹመት መጣለት፤ የወደቡ ጉምሩክ አለቃ ሆነ።

"ስለ ጉምሩክ የሚያውቀው ነገር ነበር?"

"በርሜል ላይ መቆም ያውቅ ነበር" አሉኝ ጋሼ።

በዚያ ዘመን ዛሬ እኔና እርስዎ የምንከፍለው ዓይነት የገቢ ግብር ገና ሥር አልሰደደም። መንግሥቱ በአብዛኛው የሚበላው ከወደብ ቀረጥ ነው። እንግዲህ ጉምሩኩ የአገሩ ማድ ቤት ነበር ማለት ነው። ያሸነፈው ፓርቲ የራሱን ሰዎች ማድ ቤት ያስገባል፣ የተሸነፈው ማማሰያውን አስረክቦ ይወጣል። የኛ ሰውም ገብቶ የሚስቱን ወንድም የዕቃ ዋጋ ገማች አደረገው። የአጎቱን ልጅ ሚዛን ላይ አቆመው፤ የእህቱን ልጅ ለመጋዘን ጥበቃ ቀጠረው። ከሚቀጡት ቅጣትም ለሹሙ ድርሻ ነበረው፤ በሕግ። ከቅጣት የሚበላ ሰው ጥፋት አያጣብህም። እኔ ይህን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አላስፈለገኝም።

ወደቡ ላይ ሁለት ዓይነት ነጋዴ ነበር አሉኝ። ከሹሙ ወይም ከሹሙ ዘመድ ጋር የሚተዋወቅ አንዱ ነው፤ የሱ ሣጥን ሳይከፈት ያልፋል። የማይተዋወቅ ሌላው ነው። ከነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ቻይናዎች ነበሩ። ሣጥናቸው አንድ በአንድ ይከፈታል፣ ሻዩ ይዘረገፋል፣ ክዳኑ ሳይመለስ ዝናብ ላይ ይቆያል። አንዱ ቻይና ነጋዴ አቤት ብሎ ያጻፈውን ጋሼ አንብበውልኝ ነበር። ሰውየው የሚለው፣ ቀረጡን እከፍላለሁ፣ የምለምነው ክዳኑን እንድትመልሱልኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የከፈትኩትን ሣጥን ሁሉ ክዳኑን ስመልስ ዋልኩ። እኔ ያደግሁት "እዚያ ሰው አለህ?" በሚል ጥያቄ ነው። ሐኪም ቤት ስትሄድ እዚያ ሰው አለህ? ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ፣ ልጅ ስታስመዘግብ እንኳ ሰው አለህ? ጠያቂው ሌባ አይደለም። በሩን የሚከፍትለት አጥቶ መስኮት የሚፈልግ ሰው ነው። ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሜሪካም በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው ኖራለች።

ሰውየው ጉምሩክ ላይ በቂ ወዳጅ ካፈራ በኋላ ወደ ፖለቲካው ወጣና የግዛቱ ሴናተር ሆነ። እዚያ ሳለ ለመንግሥት ሥራ ሰው በፈተና ይቀጠር የሚል ሐሳብ መጣ። ተነስቶ ተቃወመው። ክርክሩን ጋሼ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ፈተና ሰውየው ማባዛት መቻሉን ይነግራችኋል፣ ታማኝ መሆኑን ግን አይነግራችሁም፤ እኔ ግን የእህቴን ልጅ ታማኝነት አውቃለሁ ነው የሚለው።

ጋሼ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። እኔስ ካዝናዬ ላይ ማንን ነው ያቆምኩት? ማባዛት የሚችል ሰው መንገድ ላይ ሞልቷል። ካዝናዬ ላይ ለዓመታት የቆመችው የእህቴ ልጅ ናት።

ልጅቷ ወደዚህ የመጣችው ገና ኮረዳ ሳለች ነው። ካልቨር ሲቲ እኔ ቤት ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት መልስ ካዝናው ጋ ቆማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ መሀል ላይ ለደንበኛ መልስ ትሰጣለች። ኮሌጅ ጨረሰችና አንድ ቀን፣ "ጉምሩክ አፕላይ አድርጌያለሁ" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። ተፈተነች፣ አለፈች፣ ሥልጠና ሄደች፣ ዩኒፎርም ለብሳ ኤርፖርት ቆመች። ሰው አልነበራትም። ከኔ ቤት ጉምሩክ ወጣ ብዬ ለጋሼ ስነግራቸው ቀና ብለው ፎቶውን አዩና፣ "እሱ ነው የረዳት" አሉ።

ወሬው ፌርፋክስን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ፓኮ ሽሮ ገዝቶ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው ጉዳይ አለው። ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ ያወራል፣ ከዚያ ጎንበስ ይላል፦ "የእህትህ ልጅ ኤርፖርት ናት አሉ። እናቴ እኮ በሚመጣው ሳምንት ትገባለች።" እኔም፣ "እንኳን ደስ ያለህ" እለዋለሁ። ሌላ ነገር አልልም። የሱቅ ሰው ትልቁ ዕውቀት ያልተጠየቀውን አለመመለስ ነው፤ አንዳንዴ የተጠየቀውንም።

ጉዳዩ ቤቴ የገባው እህቴ ቪዛ ያገኘች ጊዜ ነው። የልጅቷ እናት፣ የኔ ታላቅ፤ የልጇን ሹመት ልታይ ልትመጣ ሆነ። እሷ ሹመት ነው የምትለው። ልጅቷ አንድ ቅዳሜ ሱቅ መጥታ ጆንያው አጠገብ ቆመች።

"አጎቴ፣ እማዬን ሥጋ እንዳታመጣ ንገራት።"

"አንቺ አልነገርሻትም?"

"ነግሬያታለሁ። እሺ አለች።"

"እሺ ካለች ታመጣለች።"

"እሱን አውቃለሁ። ለዛ ነው ለአንተ የምነግርህ።"

"ቢያዝባት ምን ይሆናል?"

"ዲክሌር ካደረገች ምንም። አለኝ ካለች ይወስዱትና ያልፋሉ። ደብቃ ከተገኘ ነው ችግሩ። ደብቃ ተገኝታ የኔን ስም ከጠራች ደግሞ የባሰ ነው። ፕሮቤሽን ላይ ነኝ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፣ ማንንም ሳያማክሩ ያሰናብቱኛል። እናቷ ሥጋ ደብቃ፣ ልጄ እዚህ ናት ብላ ስትገባ ተያዘች ቢባል፣ ሶ፣ ማን ነው እኔ አልነገርኳትም ብሎ የሚያምነኝ?"

"አንቺ ያን ቀን እዚያ ነሽ?"

"ኦፍ ወስጃለሁ። እናቴ እንደምትመጣም ለሱፐርቫይዘሬ ነግሬዋለሁ። የቀረው እማዬ ናት።"

የቀረው እማዬ ናት ማለት ሁሉም ቀርቷል ማለት ነው። እህቴን አውቃታለሁ። ጉምሩክ ፊት ቆሞ "አለኝ" ማለት ለሷ ትውልድ ሌባን ጠርቶ ኪስ እንደማሳየት ነው። ቋንጣ ደግሞ ልጅቷ ከሕፃንነቷ የምትወደው ነው። እናት ልጇን ለዓመታት ሳታያት ቆይታ ባዶ እጇን አትመጣም።

እህቴን ማዘዝ አይቻልም። ታላቄ ናት፣ አዝላኝ ያደገች ናት። ተረት ግን ትሰማለች። ስልክ ደውዬ የሰውየውን ሕይወት ነገርኳት። አካፋውን፣ በርሜሉን፣ ሹመቱን፣ ማድ ቤት ያስገባቸውን ዘመዶች አንድ በአንድ ነገርኳት። ውድቀቱን በደንብ አደመቅሁት። ፓርቲው ተሸነፈ፣ ሌላ ሹም መጣ፣ ዘመዶቹ በአንድ ቀን ተባረሩ። ሰውየው ወደ ሱቁ ተመልሶ ዕቃ ሲያስመጣ አዲሶቹ የሱን ሣጥን አንድ ሳያስቀሩ ይከፍቱት ጀመር። ግፍ ተሠራብኝ ብሎ በጋዜጣ ጮኸ። የሰማው የለም።

እህቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነፈሰች።

"አይ ጨዋ ሰው" አለች።

"ማን?"

"ሰውዬህ ነዋ። ተሹሞ ዘመዱን ያልረሳ።"

"እትዬ፣ መጨረሻውን ሰምተሻል?"

"ሰማሁ። ሹመት ነው፣ ይሻራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሱ አልተቆጨም። ልጄ እንደሱ በሩ ላይ ናት?"

"በሩ ላይ ናት። ግን የሷ ሌላ ነው፤ በፈተና ነው የገባችው።"

"በምንም ትግባ። በሩ ላይ ናት አይደል?"

"እትዬ፣ ሥጋ እንዳታመጪ።"

"እሺ።"

ስልኩን ስዘጋ ሥጋው አዲስ አበባ ገመድ ላይ መሰቀሉን በዓይኔ ያየሁት ያህል አውቄዋለሁ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። "ታሪክ ስትነግራት ምን ጠብቀህ ነበር?" አሉኝ።

"እንድትፈራ።"

"ታሪክ እንዳንተ ሱቅ ነው፤ ሁሉም ገብቶ የሚፈልገውን ገዝቶ ይወጣል። አንተ ነጋዴ ሆነህ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል?"

እህቴ በመጣችበት ቀን ከልጅቷ ጋር ኤርፖርት ቆምን። ልጅቷ በገዛ መሥሪያ ቤቷ ደጅ እንደ እንግዳ ቆማ ስትጠብቅ ማየት ግራ ይገባል። ከአዲስ አበባ የተነሳው መንገደኛ መውጣት ጀመረ። የኛ እናቶች፣ ቦሌ በእግራቸው የሮጡት ሁሉ፣ እዚህ ሲደርሱ በሚገፋ ወንበር ነው የሚወጡት። አሞአቸው አይደለም፤ የሚገፋው ሰው መንገዱንም ቋንቋውንም ስለሚያውቅ ነው። አንድ በአንድ ወጡ፣ ተሳሳሙ፣ ሄዱ። የኛዋ የለችም። ከነሱ በኋላ የሌላ አገር አውሮፕላን ሰዎች መውጣት ጀመሩ።

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። ትንሽ አወራችና ዘጋችው።

"ሱፐርቫይዘሬ ነው። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ አለኝ።"

"ድምፁ እንዴት ነው?"

"ኖርማል።"

"ኖርማል ከሆነማ ጥሩ ነው።"

"አጎቴ፣ ኖርማል ነው እኮ የሚያስፈራው።"

ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ይቺን ሥራ ለማግኘት እንዴት እንዳነበበች አውቃለሁ፤ ካዝናው ጋ ቆማ ደንበኛው መልስ እስኪቆጥር ድረስ እንኳ ወረቀት ትገልጥ ነበር።

በመጨረሻ እህቴ ወጣች። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ዙፋን ተቀምጣ። የሚገፋት ሰው ግን ላብ በላብ ሆኗል። ልጇን አገላብጣ ሳመቻት፣ አለቀሰች፣ ደግማ ሳመቻት። ወደኔ ዞራ፣ "ሻንጣውን ያዝ" አለችኝ።

ገፊው በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ያገሬ ሰው ነው፣ ሱቄንም ያውቀዋል። እናትና ልጅ ቀድመው መኪናው ጋ ሲደርሱ ክንዴን ይዞ ወደኋላ አስቀረኝ።

"ወንድሜ፣ እህትህ ገደሉኝ" አለኝ።

"ደበቀች?"

"ምን ደበቁ። ምግብ ይዘዋል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ተረጎምኩ። የኛ እናቶች ሁሉ የለም ነው የሚሉት። የበሬው ቀንድ ከሻንጣው ወጥቶ ቢታይ እንኳ የለም ነው። እህትህ ግን ቀና ብለው፣ አዎን፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ አሉ። ቀስ ብዬ፣ እናቴ፣ ቋንጣ እዚህ አይጠራም አልኳቸው። ለምን አይጠራም፣ ልጄ እዚህ ሹም ናት፣ ሰው ያለው ምን ያስደብቀዋል አሉኝ። የልጃቸውንም ስም ጠሩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰውየው ሥራውን አቁሞ አለቃውን ጠራ። አለቃው መጣና፣ ልጅዎ ይሄን አሳልፍልዎታለሁ ብላ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እዚህ ላይ ነው ላቤ የመጣው። እሳቸው ያሉትን እንዳሉት መናገር አለብኝ፣ ሥራዬ ነው። ምን ሊሉ ነው ብዬ አፍ አፋቸውን አየሁ።"

"ምን አለች?"

"እሷማ የት ታሳልፍልኛለች አሉ። ክረምቱን ሙሉ አታምጪ፣ አታምጪ እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች፣ አጎቷንም አስነስታብኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ብዬ ያመጣሁት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ግትር ናት፣ አትበላም፣ እስቲ ከስታ እንደሆነ እዩዋት፣ እናንተም አለቆቿ ሆናችሁ ዝም ትላላችሁ ብለው አለቃውን ተቆጡት።"

"ይሄን ሁሉ ተረጎምከው?"

"አትበላም የሚለውን ሳይቀር። ሰውየው ሁሉንም ጻፈ። ቋንጣውን ወሰዱ፣ ሌላውን መለሱላቸው፣ ይሂዱ አሉ።"

ገፊውን አመስግኜ ወደ መኪናው ስሄድ ነገሩን በልቤ መዘንኩት። ከሰውየው ታሪክ እህቴ የገዛችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ያለው አይፈራም። ስላልፈራች እውነቱን ተናገረች። እውነቱን ስለተናገረች ከቅጣት ዳነች። ልጇን ደግሞ ያገኘችው ሰው ሁሉ ፊት እንደምታማት አለቃዋ ፊት አማቻት፤ እዚያ ቦታ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት በጠበቃም አይገኝም ነበር። በኔ ብልጠት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገጥምም።

መኪና ውስጥ እህቴ ከኋላ ከልጇ ጋር ተቀመጠች። ሀይዌይ እስክንገባ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች።

"ቋንጣዬን እያየሁት ነው የጣለው" አለች በመጨረሻ። "እንደ ቆሻሻ። ስምሽን እየጠራሁት።"

"ሰምቻለሁ፣ እማዬ።"

"አንቺ ብትኖሪ ታሳልፊልኝ ነበር?"

ልጅቷ ብትዋሽ እናቷ ያን ቀን ትደሰት ነበር።

"አላሳልፍልሽም" አለች።

"የናትሽን?"

"የናቴን ከሁሉ በፊት ነው የማላሳልፈው።"

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

እኔ መሪዬን ይዤ ነዳሁ። ሴናተሩ የእህቱ ልጅ ታማኝ መሆኑን ማወቁ እውነት ነው፤ ግን ታማኝነቱ ለማን ነው? ለአጎቱ ነው። ያ ቻይና ነጋዴ ክዳኑ በተከፈተ የሻይ ሣጥን አጠገብ ዝናብ ላይ ሲቆም ማን ለሱ ታማኝ ነበር? እኔም አንድ ጊዜ የበርበሬ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቆሞብኝ ያውቃል። ያኔ የምፈልገው ሰው ሳይሆን ለሁሉም እኩል የሚደርስ ተራ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። መጀመሪያ የፈለግሁት ሰው ነው። ሰው ሳጣ ነው ተራን የወደድኩት። ተራ ማለት ሰው የሌለው ሰው ዘመድ ናት። እህቴ ለጠየቀችው መልሱ ይኸው ነበር፤ ግን ቋንጣዋን ለተቀማች ሰው በዚያው ሰዓት እንዲህ ዓይነት ነገር አይነገርም።

በማግስቱ ልጅቷ ከሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ቀጥታ ሱቅ መጣች። እህቴ የጋሼ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ከኤርፖርት ከወጣን ጀምሮ ከልጇ ጋር ከ"ብይ" እና ከ"በቃኝ" ያለፈ አላወሩም።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"እማዬ የተናገረችውን በሙሉ አነበበልኝ። ግትር ናት የሚለውን ሁለቴ አነበበው። ከዛ፣ ኦኬ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሽ አለኝ።"

"በቃ?"

"በቃ። ፋይሉን ዘጋው።"

እህቴ ቀና አለች። "ቃሌን ጻፉት?"

"ጽፈውታል።"

"ያልኩትን ሁሉ?"

"ሁሉንም። አትበላም ያልሽውንም።"

"ታዲያ ባላማሽስ ኖሮ? ባሞጋግስሽ፣ እሷ ታሳልፍልኛለች ብዬ ቢሆንስ?"

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። "እንጃ፣ እማዬ። ዛሬ ዩኒፎርሜን አስረክቤ መጥቼ ነበር ማለት ነው።"

እህቴ ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለች። እኔም ደንበኛ አስተናገድኩ። ልጅቷ ከኋላ መጋዘን ገብታ ሣጥን ታስተካክል ጀመር፤ ሲጨንቃት እንደዚያ ታደርጋለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ገባ። አንድ ፓኮ ሽሮ አነሳ። ስለ ፓርኪንግ አወራ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ ጎንበስ አለ።

"እንኳን ደህና መጡ እትዬ። የጉምሩኳ ልጅ እናት እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

"ነኝ።"

"እግዜር ይባርክልዎ። እኔ እኮ አክስቴ በሚቀጥለው ትገባለች። ትንሽ ነገር ነው የምትይዘው፣ ቅቤ፣ ትንሽ ሥጋ። ልጅዎ እዚያ ካለች መቼም…"

እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"የኔን ቋንጣ ያስጣለች ልጅ ናት" አለችው። "የወለደቻትን የናቷን። ያንተን አክስት የት አውቃ ነው?"

ሰውየው ሊስቅ ፈለገና የሚስቅ ፊት አጣ። የሽሮውን ከፍሎ ወጣ። እህቴ በሩ እስኪዘጋ በዓይኗ ሸኘችው። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን እኔ ከነጋዴዎች አውቀዋለሁ፤ ሰው ውድ የገዛውን ዕቃ ዋጋ ሲናገር እንደዚያ ነው።

ልጅቷ ሰምታ ኖሮ ከመጋዘኑ በር ብቅ አለች።

"እማዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም ያስጣልኩት። እዚያም አልነበርኩም።"

"ዝም በይ" አለቻት እህቴ። "አንቺ ነሽ።"